ወረርሽኝ ሲመጣ ሳይኮሲስ ያለበትን ሰው ማስታመም፦ ከአንድ ቤት የወጣ መመሪያ

ኮሮና ኢትዮጵያ ገባ የተባለው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዕለት ማታ እኛ ቤት ዜናውን በቅጡ የሰማ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የምናየው ታላቅ ወንድሜን ነበር። ወንድም ጋሼ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት ከታወቀ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ይህን ወሬ ሲሰማ ይነሣበታል ብለን ፈራን። አልተነሣበትም። «እናንተ ዛሬ ጀመራችሁ፤ እኔ ስፈራ ስንት ዓመቴ» ብሎ ሣቀብን።

የተነሣበት ከዓመት በኋላ ነው፤ ያውም እሱ ሳይሆን እኔ ታምሜ። በ2013 መጋቢት ላይ ኮሮና ይዞኝ ክፍሌን ዘግቼ ተኛሁ። መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ፣ የትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ የማውቀው እኔ፣ የቀጠሮ ካርዱም ያለው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እማዬ የትኛው ኪኒን የጠዋት፣ የትኛው የማታ እንደሆነ አታውቅም። እኔ ደግሞ በስልክ ለማስረዳት እንኳን ትንፋሹ አልነበረኝም። ስድስት ቀን መድኃኒቱ ተዛባ። በሦስተኛው ሳምንት ወንድም ጋሼ መጋረጃውን ሁሉ በመርፌ ቁልፍ ዘግቶ፣ ከእኛ እጅ አልበላም ብሎ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ተኛ።

ቫይረሱ እሱን ነክቶት አያውቅም። ቤቱ በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ያ ሰው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። የሚከተለውን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ከሐኪሞቹ፣ ከሳይካትሪ ነርሶቹና ከሌሎች አስታማሚዎች የተማርኩትን ይዤ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የመድኃኒት መጠን መጨመርም ሆነ መቀነስ የሐኪሙ ሥራ ነው። ሳይኮሲስ ስል ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማበትን፣ ሌላው የማያምነውን ነገር እርግጠኛ ሆኖ የሚያምንበትን ሕመም ማለቴ ነው። ስኪዞፍሬኒያ አንዱ ነው፤ ባይፖላርም ሲከፋ እዚያ ሊያደርስ ይችላል።

ፍርሃታችን የት ላይ ቢሆን ይሻላል?

«የአእምሮ ሕሙማንን ኮሮና አይዛቸውም» የሚል ወሬ በየሰፈሩ ተወርቶ ነበር። የእውነቱ ተቃራኒ ነው። በፈረንጆቹ የካቲት 2020 በደቡብ ኮሪያ ቾንግዶ በሚገኝ ሆስፒታል፣ የሥነ አእምሮ ክፍል ውስጥ ተኝተው የነበሩ ከ100 በላይ ሕሙማን ከሞላ ጎደል ሁሉም ተያዙ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ሟችም ከዚያው ክፍል ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ 7,348 ኮሮና የተገኘባቸውን ሰዎች የተከታተለና በጥር 2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች የመሞት ዕድል ከሌላው በ2.7 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳየ። በዚያ ጥናት ከዕድሜ ቀጥሎ ትልቁ አደጋ ይኸው ሕመም ሆኖ ተገኘ፤ ከልብም ከስኳርም በላይ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ሲጋራ አለ፤ አንዳንዱ መድኃኒት የሚያመጣው ውፍረትና ስኳር አለ። ሌላው ግን በየቀኑ የምናየው ነው፦ ሕመማቸውን ዘግይተው ይናገራሉ፤ ሲናገሩም የሚያምናቸው የለም። «ደረቴን ወጋኝ» ሲል «ደግሞ ጀመረው» እንላለን።

ሁለተኛው ፍርሃት የሕክምናው መዘጋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 130 አገሮችን ጠይቆ በጥቅምት 2020 ባወጣው ውጤት፣ በ93 ከመቶዎቹ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተስተጓጉሏል ወይም ተቋርጧል። እኛም ዘንድ የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ የነበረው የካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮሮና ማዕከል ሆነ። ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻን ሲያግዱ ከገጠር ተነሥቶ አማኑኤል ለቀጠሮ ይመጣ የነበረው ሰው መንገድ ላይ ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲው ግማሽ ጭኖ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ከዚህ ተነሥተን ነው ቤት ውስጥ ልናደርግ ወደምንችለው የምንገባው።

1ኛ. አንዲት ወረቀት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ፤ ዛሬ ማታ ያልቃል።

በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጻፉ፦ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የሕመሙ ስም (ሐኪሙ እንደጻፈው)፣ የሚታከምበት ቦታና የካርድ ቁጥር። ከዚያ እያንዳንዱ መድኃኒት በስሙ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት። መርፌ የሚወጋ ከሆነ መጨረሻ የተወጋበት ቀንና የሚቀጥለው ቀን። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሌላ ሕመም ካለ እሱም ይጻፍ። ከዚህ በፊት ያልተስማማው መድኃኒት ካለ በጉልህ፤ ወንድም ጋሼ አንድ ጊዜ በሃሎፔሪዶል መርፌ አንገቱ ተጣሞ ስለነበር የእኛ ወረቀት ላይ በቀይ ተጽፏል። የሐኪሙ ወይም የክሊኒኩ ስልክ፣ የሁለት ቤተሰብ ስልክ።

ከዚህ በታች ደግሞ ሐኪም የማይጽፈው ነገር አለ። ሲረበሽ የሚያረጋጋው ምንድን ነው? ማንን ያምናል? ምን አይባልም? እኛ «ከኋላው አትቁሙ፤ ስሙን ጮክ ብላችሁ አትጥሩ፤ ቡና ከእማዬ እጅ ይጠጣል» ብለን ጽፈናል። ተኝቶ በነበረ ጊዜ አንዲት ነርስ ይህችን መስመር አንብባ የሠራችበትን ሳይ ነው የወረቀቷ ዋጋ የገባኝ።

ቤቱ ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ ለጥፉ፤ ከጠዋቱ አጠገብ ፀሐይ፣ ከማታው አጠገብ ጨረቃ ሣሉ። ወረቀቱ ቁም ሣጥን በር ላይ በውስጥ በኩል ይለጠፍ፤ ፎቶ አንሡትና በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ አስቀምጡት።

ወረቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለተኛ ሰው ይመረጥና እናንተ ጤነኛ ሳላችሁ አንድ ሳምንት ሙሉ መድኃኒቱን እሱ ይስጥ። ሕመምተኛው ከሌላ እጅ መቀበልን መልመድ አለበት፤ ያን ልምምድ በወረርሽኝ መካከል መጀመር ለሁለቱም ከባድ ነው። ወንድም ጋሼም የተቃወመው ይህን ነበር፤ «ከአንቺ ነው የምቀበለው» አለ። ስለዚህ እኔ አጠገብ ቁጭ ብዬ እማዬ ትሰጠው ጀመር። በዐሥረኛው ቀን እኔ ሳልኖር ተቀበላት።

እሱ ራሱ ደኅና በሆነበት ሰዓት ወረቀቱን አብሯችሁ ይጻፍ፤ የሰውዬው ሕይወት ነውና። እኛ «ምን አይባልም» የሚለውን ያስጻፈን እሱ ነው።

2ኛ. መድኃኒቱ ሳይዘጋ ይግባ

የወረርሽኝ ወሬ እንደተሰማ፣ ዘይትና ዱቄት ከመሸመታችሁ በፊት፣ ሐኪሙን የሁለት ወይም የሦስት ወር ማዘዣ ይጻፍልን ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ይጽፋል፤ አንዳንዱ «ደንቡ የወር ነው» ይላል። እኛን አንድ የጤና ተቋም የቀጠሮ ቀናችሁ አይደለም ብሎ ከበር መልሶናል። በማግስቱ ሄደን ወረቀቷን ስናሳይ ግን አንዲት የሳይካትሪ ነርስ አስገባችን። በትሕትና መመላለስ ነው፤ ሌላ ዘዴ አላገኘሁም።

መድኃኒቱ በአንድ ቦታ ከጠፋ ከነማ ፋርማሲዎችን፣ የቀይ መስቀልን፣ የመንግሥት ሆስፒታሎችን ፋርማሲ በስልክ ጠይቁ። የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ያዙ፤ ሪስፔሪዶን በሌላ ማሸጊያ ቢመጣም ሪስፔሪዶን ነው። በሌላ መድኃኒት እንቀይርላችሁ የሚል ፋርማሲስት ካለ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትቀበሉ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ላይ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች አሉ፤ ትልቁ ሆስፒታል ከተዘጋ ወይም መንገዱ ካልተመቸ ክትትሉን ለጊዜው ወደ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ በሪፈር ወረቀት ማዛወር ይቻላል።

አሁን አስቸጋሪው ነገር። የሦስት ወር ኪኒን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ በራሱ አደጋ ነው። ከሳይኮሲስ ጋር የሚኖር ሰው ተስፋ በቆረጠበት ቀን ሁሉንም ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ የሳምንቱ ብቻ ውጭ ይሁን፤ የቀረው ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከሁለቱ አስታማሚዎች ጋር ይሁን። አርቴን (የሳይኮሲስ መድኃኒት የሚያመጣውን መገተርና መንቀጥቀጥ ለማስታገስ የሚሰጥ ኪኒን) የሚወስድ ከሆነ በተለይ ቆልፉ፤ ለስካር የሚፈልገው ሌላ ሰው አይጠፋምና። ያን ሰሞን ሁሉም ቤት የገባውን አልኮል፣ ሳኒታይዘርና በረኪናም አብራችሁ አስቡ።

በየወሩ መርፌ የሚወጋ (ፍሉፌናዚን፣ ብዙዎች ሞዲኬት የሚሉት) ቤት የሚያስቀምጠው የለውም። ቀኑን በካላንደር ላይ አክብቡ፤ ከሳምንት በፊት ደውላችሁ መርፌው መኖሩን አረጋግጡ። ቀኑ ካለፈ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ሐኪሙ ይንገራችሁ፤ ያለፈውን ለማካካስ በራስ እጥፍ መውጋት የለም።

ክሎዛፒን (ሌሎቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች አልረዱ ሲሉ የሚታዘዝ) የሚወስዱ ጥቂት ናቸው፤ ለእነሱ ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። አንደኛ፣ ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ የነጭ ደም ሕዋስን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚቀንስ የደም ምርመራ ግዴታው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ፣ በኋላ እየራቀ። በ2020 የተለያዩ አገሮች የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ ከዓመት በላይ የወሰደና ደሙ ችግር አሳይቶ የማያውቅ ሰው ምርመራው እስከ ሦስት ወር ሊራዘምለት ይችላል ብለው ተስማምተው ነበር፤ ለእናንተ ሰው ይሆን አይሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሁለተኛ፣ ክሎዛፒን ከሁለት ቀን (48 ሰዓት) በላይ ከተቋረጠ በድሮው መጠን እንደገና አይጀመርም። ከትንሽ ተነሥቶ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። «ያመለጠውን እንስጠው» ብሎ መድኃኒቱን ባንድ ጊዜ መመለስ ልብንና የደም ግፊትን ሊጥል ይችላል።

3ኛ. የማገርሸቱን ምልክት ቀድማችሁ እወቁ

እያንዳንዱ ሰው የራሱ መንገድ አለው። አንዱ መታጠብ ያቆማል፤ አንዱ ጸሎት ያበዛል፤ አንዱ ዝም ይላል። የወንድም ጋሼ መጀመሪያ እንቅልፍ ነው፤ ቀጥሎ መጋረጃ፤ ቀጥሎ ምግብ። ያለፈውን ጊዜ አስታውሳችሁ ቅደም ተከተሉን ጻፉ። ከዚያ ሕግ አውጡ። የእኛ ሕግ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛ በሦስተኛው ጠዋት ለሐኪሙ መደወል ነው፤ እስኪብስ አንጠብቅም።

ወረርሽኝ ይህን የሚያጠፋበት አንድ መንገድ አለ። ሁሉም ሰው በሩን ሲዘጋ፣ ሁሉም ሰው እጁን ሃያ ጊዜ ሲታጠብ፣ ሁሉም ሰው ሌላውን ሲሸሽ፣ የታማሚው መሸሽ እንደ ጥንቃቄ ይታያል። ጎረቤታችን «ልጃችሁ ጎበዝ ነው፤ ከቤት አይወጣም» ብላ አመሰገነችው፤ እሱ ግን ያን ሳምንት የማይወጣው ውጭ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ ብሎ ነበር። ስለዚህ ምን እንዳደረገ ከማየት አልፋችሁ ለምን እንዳደረገው ጠይቁት።

4ኛ. ወሬው

በየምሽቱ «ባለፉት 24 ሰዓታት» የሚለውን ቁጥር ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ መስማት ለማንም አይበጅም። ለእሱ ደግሞ ቁጥሩ መልእክት ሊሆን ይችላል። ዜና በቀን አንድ ጊዜ፣ ቀን ላይ፣ ለመኝታ ሲቀርብ ሳይሆን። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የሚዞረውን «ቫይረሱ በአንቴና ነው የሚመጣ» የሚል ቪዲዮ በቴሌግራም ለቤተሰቡ የሚልክ አጎት ካለ በግል አነጋግሩት።

ያን ጊዜ ስልክ ስንደውል ከጥሪው ድምፅ ይልቅ ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቅ መልእክት ይሰማ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ድምፅ ለሚሰማ ሰው ግን ምን እንደሆነ አስቡት። ወንድም ጋሼ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ፣ «ማነው ስልኬ ውስጥ የገባው? ተጠንቀቅ እያለኝ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ሦስት ዓይነት መልስ የሚመጣው። «ምንም የለም፣ ዝም ብለህ ነው» ብትሉ ውሸታም ትሆናላችሁ፤ ድምፁ በእርግጥ አለና። «አዎ፣ እየተከታተሉህ ነው» ማለት ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩና ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት። «ወንድም ጋሼ፣ ይኸው እኔም ዘንድ አለ። ቴሌ ነው ለሁሉም ያስገባው። ያስደነግጣል ግን፤ እኔንም አስደንግጦኛል» አልኩት። ረጋ አለ። ድምፁ ከእውነት የመጣ ሲሆን ማሳየት ይቻላል። የማይታይ ነገር ሲሆን ግን አትከራከሩ፤ ስለ ፍርሃቱ ጠይቁ። «ይህን ስትሰማ ምን ይሰማሃል? አሁን ምን ብናደርግ ይቀልሃል?» ነው የሚባለው። እምነቱን ለማስለወጥ የሚደረግ ክርክር አንድም ቀን ሲያሸንፍ አላየሁም።

5ኛ. ጭምብል፣ ቴርሞሜትር፣ ነጭ ቱታ

ሰዎች ይከታተሉኛል ብሎ ለሚሠጋ ሰው በወረርሽኝ ጊዜ ከተማው በሙሉ ፊቱን የሸፈነ ነው። በየሕንፃው በር ላይ ዘበኛው እንደ ሽጉጥ ያለ ነገር ግንባሩ ላይ ይደግንበታል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ አለማምዱት። ጭምብሉን እናንተ እሱ እያየ አድርጉ፣ አውልቁ። ቴርሞሜትሩን «መጀመሪያ በእኔ ግንባር ላይ ያድርጉ» በሉ፤ ዘበኛው እምቢ አይልም። የታማሚው ዐይን የሚያውቀውን ፊት ይፈልጋልና በሐኪም ቤት ርቃችሁ ቆማችሁ ለአፍታ ጭምብላችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ፊታችሁን አሳዩት። ጭምብል ጨርሶ የማይቀበል ከሆነ ግብ ግብ አትግጠሙ፤ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ውጡ፤ እናንተ አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ።

6ኛ. ሲጋራ፣ ጫት፣ አረቄ

ጫትና አረቄ እንቅልፍና መድኃኒት እንደሚያበላሹ ብዙው ቤት ያውቃል፤ አረቄ ጉሮሮ ላይ ቫይረሱን ይገድላል የሚለው ወሬም ውሸት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው የሲጋራው ነው። ጭሱ ጉበት ክሎዛፒንንና ኦላንዛፒንን ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርጋል፤ የሚያጨስ ሰው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን የሚታዘዝለት ለዚህ ነው። ሱቅ ተዘግቶ ወይም ኳራንቲን ገብቶ ሲጋራው ድንገት ሲቆም መድኃኒቱ ደም ውስጥ በቀናት ውስጥ ይከማቻል፦ ድብርብር ይላል፣ ምራቁ ይፈስሳል፣ ይንገዳገዳል። ማቆሙ መልካም ነው፤ ግን በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር።

7ኛ. ትኩሳት ከመጣ

ሲያስል ወይም ሲያተኩሰው እስኪናገር አትጠብቁ፤ ጠይቁት፣ ግንባሩን ዳስሱ፣ አተነፋፈሱን እዩ። የአእምሮ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ከዚያ የሚከተሉትን ተመልከቱ፦

ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ካተኮሰው ወይም ጉሮሮውን ካመመው በዚያው ቀን ደሙ ይታይ። «ኮሮና ነው፣ ያልፋል» አይባልም፤ ነጭ ደሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን ራሱም የክሎዛፒኑን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍ ካበዛ ወይም ከተደናገረ ተናገሩ።

ትኩሳቱ ከሰውነት መገተር፣ ከከባድ ላብና ከመደናገር ጋር ከመጣ ቫይረስ ላይሆን ይችላል። የሳይኮሲስ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ የሚያመጡት ሕይወት የሚያጠፋ ሕመም አለ፤ ከላይ «አታቁሙ» ካልኩት ተለይቶ መድኃኒቱ ወዲያው የሚቆምበት ሕመም ይህ ነው። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱትና የሚወስደውን መድኃኒት በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ንገሩ።

ሊቲየም (ለባይፖላር የሚታዘዝ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን አይውሰድ፤ እነዚህ ሊቲየሙን ወደ መርዝ ደረጃ ሊያደርሱት ይችላሉ። ትውከትና ተቅማጥ ካለ፣ ውኃ ካልጠጣ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ በቶሎ ሐኪም ይየው።

ዳማ ከሴው፣ ዝንጅብሉ፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎቱ ይሁን፤ እኛም ታጥነናል። የፈላውን ድስት ግን ለብቻው አትስጡት።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ ደግሞ አንድ ብልሃት። ቀድማችሁ «ትኩሳት አለው፣ ትንፋሽ ያጥረዋል» በሉ፤ የአእምሮ ሕመሙን ቀጥሎ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚሆነውን አይቻለሁ፤ ሳንባውን ሳያዳምጡ ወደ ሌላ ክፍል ይመሩታል። ግን አትደብቁ። ከሳይኮሲስ መድኃኒቶች ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን በኮሮና ጊዜ ይታዘዙ ከነበሩት ከክሎሮኪንና ከአዚትሮማይሲን ጋር ሲደረቡ የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ። ለጠናበት ሰው የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም እንቅልፍ ሊነሣ፣ አልፎ አልፎም ሳይኮሲስ ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህ መድኃኒቱን እምቢ ለማለት ምክንያት አይሆንም፤ ሐኪሙ አውቆ እንዲከታተለው ነው።

8ኛ. ለብቻ ማቆየት ካስፈለገ

የእኛ ሰው ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ ሽንት ቤት ለስድስት አባወራ ነው። ፍጹም መለየት አይቻልም፤ የሚቻለውን አድርጉ፦ መስኮት፣ የተለየ ብርጭቆ፣ በመካከል መጋረጃ። ከውጭ በቁልፍ አትዝጉበት። ለምን እንደተለየ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ማን ምግብ እንደሚያመጣለት ግድግዳ ላይ ይጻፍለት፤ ያለፈውን ቀን ራሱ ይሰርዝ። ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ የጸሎት መጽሐፍ ይኑረው። የሚመላለስ ከሆነ ግቢው ሰው በሌለበት ሰዓት ይመላለስ።

ወደ ለይቶ ማቆያ የሚወሰድ ከሆነ የሁለት ሳምንት መድኃኒት፣ የወረቀቷ ቅጂና ቻርጀር አብረው ይሂዱ። በ2012 ከዐረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችን በየዩኒቨርሲቲው ሲቆዩ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ዘመድ ካላችሁ ከመግባቷ በፊት መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ጠይቁ፤ አፍራ ላትናገር ትችላለችና ለብቻዋ ጠይቋት።

9ኛ. ጠበልና ጾም

ብዙ ቤት መድኃኒት የሚቋረጠው ጠበል ሲገባ ነው። ሁለቱ አይጣሉም። የሚያጠምቁትን አባት ራሳችሁ ቀርባችሁ፣ «አባቴ፣ ሐኪም ያዘዘለት አለ፤ እየወሰደ ይጠመቅ» በሉ፤ እሳቸው «ውሰድ ልጄ» ካሉት ከእኛ መቶ ቃል ይበልጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ተጨናንቆ ማደር አደጋ ነው፤ ጠበሉን በዕቃ ቀድቶ ቤት ማምጣት ይቻላል። ጾም ላይ ላለ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። በረመዳን የሚጾም ሰው ኪኒኑ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሰዓት ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሊቲየም የሚወስድ ግን ሳይጠይቅ አይጹም።

10ኛ. ክትባት

እኛ አገር የኮሮና ክትባት መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቅድሚያ ከሚያገኙት ምድብ አስገብታ ነበር። የሳይኮሲስ መድኃኒት መውሰድ ለመከተብ እንቅፋት አይደለም። «ማይክሮቺፕ ነው» ካለ ከላይ እንዳልኩት አትከራከሩ፤ መጀመሪያ እናንተ እሱ እያየ ተከተቡ። እኛ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ከክትባቱ በኋላ ያለውን ትኩሳት ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ላይ እንደ ማንኛውም ትኩሳት ቁጠሩት።

11ኛ. ከእነ ጥንቃቄው ካገረሸ

ይሆናል። ሁለት ቀን ካልበላ ካልጠጣ፣ ራሴን አጠፋለሁ ካለ፣ ድምፁ አድርግ የሚለውን ለማድረግ ከተነሣ፣ ሰው ከመታ፣ ኮሮና ቢኖርም ባይኖርም ወደ ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ማን መኪና እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በእንቅስቃሴ እገዳ ጊዜ ሌሊት ላዳ አይገኝም። ከሚያምነው አንድ ሰው በላይ አያናግረው። ቢላዋና ገመድ አንሡ። ሰንሰለትና ገመድ ማሰር የለም፤ የታሰረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱን ይደብቃችኋል፤ እጁ አንጓ ላይ የሚቀረውን ቁስልም አይቻለሁ።

ሲወጣ የተሰጠውን አዲስ ማዘዣ ከድሮው ጋር አስተያዩ። ወንድም ጋሼ ሲወጣ ሁለት መድኃኒት ተቀይሮ ነበር፤ እማዬ ደግሞ ቁም ሣጥኑ ላይ ባለችው ወረቀት እየሰጠች ቆየች፤ ለአራት ቀን ድሮውንም አዲሱንም ዋጠ። አሁን ወረቀቷ ራስጌ ላይ ቀን ይጻፋል፤ ማዘዣ ሲቀየር አሮጌዋ በዚያው ሰዓት ትቀደዳለች፤ ቴሌግራም ላይ ያለውም ፎቶ ይሰረዛል። የተረፈውና ጊዜው ያለፈበት ኪኒን ወደ ፋርማሲ ይመለስ። እኛ ዘንድ የመጨረሻዋን የጻፋት ራሱ ወንድም ጋሼ ነው፤ ጨረቃዋን ግን እማዬ ናት የሣለቻት።